በስልክ ውስጥ ያሉ ደብዳቤዎች፦ የጽሑፍ መልእክትን ከመጥፋት የማዳን ጥበብ

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ የምትገኘው ብሩክሊን ሴንተር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው ቆጠራ ወደ 33,800 የሚጠጉ ነዋሪዎች የተመዘገቡባት ከተማ ናት። በግዛቲቱ ካሉት ብዙ ዓይነት ሕዝብ ተሰባጥሮ ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ከላይቤሪያ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከላቲን አሜሪካና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። በዚህችና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ለሚኖር ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ በክረምት 9 ሰዓት፣ በበጋ 8 ሰዓት ትቀድመዋለች። እሱ ከሥራ ሲወጣ እናቱ ተኝታለች፤ እሷ ስትነሣ እሱ እንቅልፍ ላይ ነው። የስልክ ጥሪ ሳይገጣጠም ሲቀር ቤተሰብን የሚያገናኘው የጽሑፍ መልእክት ነው።

በዚህም ምክንያት ስልኩ ቀስ በቀስ የቤተሰቡ የሰነድ ሣጥን ሆኗል። የእናት ምርቃት፣ ገንዘብ መድረሱን የሚያበስር የባንክ ማስታወቂያ፣ ቪዛ ከምትጠብቅ ባለቤት ጋር የተደረገ የዓመታት ወግ፣ ከቤት አከራይ ጋር የተደረሰ ስምምነት፣ በሕይወት ከሌለ አባት የመጣ የመጨረሻ ቃል ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተከማችቷል። ልዩነቱ ግን ቀድሞ ደብዳቤ ይቀመጥበት የነበረው ሣጥን ከቤት አይወጣም ነበር፤ ስልክ ግን በየመንገዱ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል፣ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ታላላቆቹ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች የሦስተኛውን ትውልድ መረብ ሲዘጉ፣ አሮጌ ስልክ የያዙ ደንበኞች ደህና ይሠራ የነበረውን መሣሪያ ሳይቀር ለመለወጥ ተገደዋል። ስልክ በተለወጠ ቁጥር በውስጡ የነበረው ጽሑፍ አብሮ መሻገሩ ግን እርግጥ አይደለም።

መልእክቱ የት ነው ያለው?

ብዙ ሰው የላከውና የተቀበለው መልእክት ሁሉ በስልክ ኩባንያው ዘንድ ተመዝግቦ የሚቀመጥ ይመስለዋል። አጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም ኤስኤምኤስ የሚሠራው ግን በሌላ መንገድ ነው። ላኪው «ላክ» የሚለውን ሲጫን ጽሑፉ ወደ ኩባንያው የመልእክት ማዕከል ይሄዳል። ማዕከሉ የተቀባዩ ስልክ እስኪበራ ድረስ መልእክቱን ያቆየዋል፤ ካደረሰ በኋላ ሥራው አብቅቷል። ኩባንያው ማን ለማን መቼ እንደላከ የሚያሳይ መዝገብ ለሒሳብ ሲል ሊይዝ ይችላል፤ የጽሑፉን ቃል ግን ከዓመታት በኋላ ከእሱ ማግኘት ተስፋ የሚጣልበት ነገር አይደለም።

ስለዚህ የኤስኤምኤስ እውነተኛ ማደሪያ ስልኩ ራሱ ነው። በአንድሮይድም ሆነ በአይፎን መልእክቶቹ በአንድ አነስተኛ የመረጃ ቋት ፋይል ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ያ ፋይል ከጠፋ ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው። ሲም ካርዱን አውጥቶ አዲስ ስልክ ላይ መሰካት ቁጥሩን እንጂ መልእክቶቹን አያሻግርም። የቀድሞዎቹ ሲም ካርዶች ጥቂት መልእክቶችን ይይዙ ስለነበር ልማዱ በብዙዎች አእምሮ ቀርቷል፤ የዛሬዎቹ ስማርት ስልኮች ግን በሲም ላይ አይጽፉም።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። እያንዳንዱ መልእክት በሁለት ስልኮች ላይ ይገኛል፤ በላኪውም በተቀባዩም። በብሩክሊን ሴንተር የጠፋው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ባለ ስልክ ላይ ሳይነካ ሊኖር ይችላል። ስልኩ የተበላሸበት ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ለዘመዱ ደውሎ «ያለንን ጽሑፍ እንዳታጠፉት» ማለት ነው።

ማመሳሰልና መጠባበቂያ ቅጂ

በብዙዎች አንደበት «ባክአፕ» የሚባለው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ከዋናው ተለይቶ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ግልባጭ ነው። ከእሱ ጋር ዘወትር የሚምታታው ማመሳሰል ወይም «ሲንክ» የሚባለው ነው። ማመሳሰል እንደ መስተዋት ነው፤ ከፊቱ የቆመውን ያሳያል፣ ሰውየው ሲሄድ ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ባክአፕ ግን እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ሰውየው ቢሄድም ይቀራል።

የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በአይፎን ላይ ያስተዋወቀው መልእክትን በአይክላውድ የማኖር አገልግሎት የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አገልግሎቱ ሲበራ መልእክቶቹ በስልኩም፣ በታብሌቱም፣ በኮምፒውተሩም ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። በአንዱ ላይ የተሰረዘ መልእክት ግን ከሁሉም ላይ ይሰረዛል። በተጨማሪም ይህ አገልግሎት በበራበት ስልክ ላይ የሚወሰደው የአይክላውድ ባክአፕ መልእክቶቹን አይጨምርም፤ «ቀድሞውንም እዚያው አሉ» በሚል ነው። ልጅ በስልኩ ሲጫወት የአያቱን ጽሑፍ ቢሰርዝና በቅርብ የተሰረዙት የሚቆዩበት የ30 ቀን ጊዜ ቢያልፍ፣ መስተዋቱ ባዶ ይሆናል።

በአንድሮይድ ስልክ

በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ባክአፕ የሚገኘው «ሴቲንግስ» ውስጥ «ጉግል» በሚለው ሥር ነው። የባለቤቱ የጉግል አካውንት ተመርጦ ሲበራ፣ ስልኩ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ቻርጅ ላይ ባለበትና ሥራ በፈታበት ሰዓት ግልባጩን ወደ ጉግል ሰርቨር ይልካል። ባለቤቱ ሊያረጋግጥ የሚገባው በዝርዝሩ ውስጥ የኤስኤምኤስ መስመር መኖሩንና የመጨረሻው ባክአፕ መቼ እንደተወሰደ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ባክአፑ በርቷል፣ የመጨረሻው ቀን ግን ያለፈው ዓመት ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት የቦታ መሙላት ነው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት፣ አፕል በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ነው። ቦታውን የሚሞሉት ግን መልእክቶች አይደሉም፤ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎች ናቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። እያንዳንዳቸው 100 ፊደል ያላቸው 10,000 መልእክቶች ጽሑፋቸው ብቻ ሲሰላ 3 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ይህም ከአንድ ጥሩ ፎቶግራፍ አይበልጥም። የቤተሰብ የዐሥር ዓመት ደብዳቤ በአንድ የጥምቀት ቪዲዮ ምክንያት ሳይገለበጥ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቪዲዮዎቹን ወደ ኮምፒውተር አውጥቶ ቦታ መልቀቅ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የጊዜ ገደብ ነው። በጉግል ደንብ መሠረት አንድ ስልክ ለ57 ቀናት ጥቅም ላይ ካልዋለ ባክአፑ ሊሰረዝ ይችላል። አፕልም ባክአፕ ከተቋረጠ በኋላ የመጨረሻውን ግልባጭ የሚያቆየው ለ180 ቀናት ነው። ስልኩ ተሰብሮበት ለሁለት ወር በውሰት ስልክ የሚቆይ ሰው፣ ሳያውቀው ይህ ሰዓት እየቆጠረበት ነው።

ሦስተኛው ደግሞ የመመለሻው ሰዓት ነው። ከጉግል የተወሰደ ባክአፕ በአብዛኛው የሚመለሰው አዲሱ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት በሚቀርበው ጥያቄ ላይ ነው። ያንን ገጽ በችኮላ «ዝለል» ብሎ ያለፈ ሰው፣ መልእክቶቹን ለማምጣት ስልኩን እንደገና ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ሊኖርበት ይችላል። አዲስ ስልክ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ከመሸጡ ወይም ለዘመድ ወደ ኢትዮጵያ ከመላኩ በፊት አዲሱ ላይ ጽሑፎቹ መታየታቸውን ማረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ መልእክቶችን ወደ አንድ ፋይል የሚገለብጡ መተግበሪያዎች አሉ። ፋይሉ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ፍላሽ ሊወሰድ ስለሚችል ከኩባንያዎች ደንብ ነፃ ነው። መልእክቶቹን ወደ ስልክ ለመመለስ መተግበሪያው ለጊዜው ዋና የመልእክት መተግበሪያ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሥራው ሲያበቃ ቀድሞ ወደነበረው መመለስ ያስፈልጋል። ኤስኤምኤስን የማንበብ ፈቃድ የባንክ የማረጋገጫ ቁጥሮችንም የማንበብ ፈቃድ በመሆኑ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይህን ፈቃድ ለጥቂት ዓይነት መተግበሪያዎች ብቻ ገድቧል። ከማይታወቅ ሊንክ የመጣን መተግበሪያ ለዚህ ሥራ መጠቀም ቁልፍን ለሌባ እንደማስረከብ ነው።

በአይፎን፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም

በአይፎን ላይ ከአይክላውድ ሌላ አስተማማኙ መንገድ ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ሙሉ ግልባጭ መውሰድ ነው። ግልባጩ በይለፍ ቃል ሊቆለፍ ይችላል፤ ቃሉ ከተረሳ ግን የሚከፍተው የለም፣ አፕልም ጭምር። እንዲሁም በመልእክት ማስተካከያው ውስጥ ጽሑፎች ለ30 ቀን፣ ለ1 ዓመት ወይም ለዘለዓለም እንዲቆዩ የሚመረጥበት ቦታ አለ። ምርጫው «ለዘለዓለም» ካልሆነ ስልኩ ራሱ አሮጌውን እያጠፋ ይሄዳል።

ዋትስአፕ የራሱ ባክአፕ አለው፤ በአንድሮይድ ወደ ጉግል፣ በአይፎን ወደ አይክላውድ ያስቀምጣል። የስልኩን ባክአፕ ማብራት የዋትስአፕን አያበራም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግልባጩን በይለፍ ቃል ወይም ባለ 64 አኃዝ ቁልፍ መቆለፍ ተችሏል።

ቴሌግራም በተቃራኒው ተራ ወጎችን በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሚያኖር ስልክ ቢጠፋም በቁጥሩ ገብቶ ማግኘት ይቻላል። ሦስት ነገሮች ግን ይታወሱ። «ምስጢራዊ ወግ» የሚባለው ከተጀመረበት ስልክ አይወጣም። ወደ አካውንቱ የሚያስገባው የስልክ ቁጥሩ ስለሆነ ቁጥሩን የተወ ሰው በሩን ሊያጣው ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንትም ራሱን ይሰርዛል። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቴሌግራም ሙሉ የወግ ታሪክን ወደ ፋይል የማውጣት አገልግሎት ስላለው፣ ከአዲስ አበባ ቁጥር ወደ ሚኒሶታ ቁጥር የሚሻገር ሰው አስቀድሞ ቢጠቀምበት መልካም ነው።

ፊደላችንና መልእክቱ

የመጀመሪያው ኤስኤምኤስ የተላከው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 በእንግሊዝ አገር ነበር። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው፤ ይህም ለላቲን ፊደላት 160፣ ለግዕዝ ፊደል ደግሞ 70 ይደርሳል። መጀመሪያ ሲታይ ከግማሽ በላይ ኪሳራ ይመስላል። ነገር ግን «ሰላም» በግዕዝ 3 ፊደል ሲሆን በላቲን 5 ይፈጃል፤ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ልዩነቱ የሚታሰበውን ያህል ሰፊ አይደለም። ጽሑፉ ከ70 ፊደል ሲያልፍ ስልኩ እያንዳንዳቸው 67 ፊደል በሚይዙ ክፍሎች ቆራርጦ ይልከዋል፤ ተቀባዩ ስልክም ይገጣጥመዋል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ስልኮች ፊደሉን ማሳየት ስለማይችሉ ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም አልጠፋም። ከዚህ ታሪክ የሚወጣ አንድ ጠቃሚ ትምህርት አለ። የተገለበጠ ፋይል ተከፍቶ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሣጥኖች ቢታዩ፣ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጎደለው በዚያ ኮምፒውተር ላይ የፊደል ቅርጹ ነው። የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው ቢታዩ ግን ፋይሉ ሲገለበጥ ወይም ሲቀመጥ ፊደሉ ሳይጠፋ አልቀረም ማለት ነው፤ ዋናው ስልክ በእጅ እያለ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እንደገና መገልበጥ ያስፈልጋል። አሮጌው ስልክ ከመጣሉ በፊት ግልባጩን አንድ ጊዜ ከፍቶ ማንበብ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በፋይሉ ውስጥ ቀን የሚመዘገበው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፈው ጊዜ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ሲተረጎም የሚታየው ፋይሉ በተከፈተበት አገር ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ ሰኞ ማለዳ የተጻፈ መልእክት በብሩክሊን ሴንተር ሲታተም እሑድ ማታ ሊል ይችላል። ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሰነዱን ለሌላ ሰው የሚያቀርብ ሁሉ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ቢጽፍበት ጥያቄ ያስቀራል።

መልእክት ማስረጃ ሲሆን

ለስደተኛ ቤተሰብ ይህ ጉዳይ የትዝታ ብቻ አይደለም። የትዳር ጓደኛውን ከኢትዮጵያ የሚያስመጣ ሰው ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለአሜሪካ ዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ማሳየት ይጠበቅበታል። ጥንዶቹ በተለያዩባቸው ዓመታት የተለዋወጧቸው መልእክቶች ከፎቶግራፍና ከጉዞ ሰነዶች ጋር ከሚቀርቡት ማስረጃዎች መካከል ናቸው። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሊኖረው ይገባል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ እሱም ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛም ቢሆን አማርኛ ነው።

ለዚህ ዓላማ የስክሪን ፎቶ ብቻውን ደካማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የላኪውን ቁጥርና ዓመተ ምሕረቱን አያሳይም። ሙሉው ወግ ወደ ፋይል ወጥቶ፣ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ ሆኖ ቢታተምና ዋናው ፋይል ሳይነካ ቢቀመጥ ይሻላል። ከቤት አከራይ ወይም ከአሠሪ ጋር ለተደረገ ስምምነትም ይኸው ይሠራል። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በብሩክሊን ሴንተር የሚገኘውን ብሩክዴልን በመሳሰሉት የሄነፒን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፎች በሕዝብ ኮምፒውተርና በማተሚያ ሊጠቀም ይችላል። የተገለበጠው ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልተቆለፈ ጽሑፍ ነውና፣ ሥራው ሲያበቃ ፋይሉን ከማሽኑ ማጥፋትና ከአካውንት መውጣት አይዘነጋ።

የመገናኛ መቋረጥም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የተዘጋው የኤስኤምኤስ አገልግሎት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ለ2000 ዓ.ም. መግቢያ ነበር የተከፈተው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ቆይተዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። በእነዚያ ጊዜያት በውጭ ላሉ ቤተሰቦች ከወገን የቀረው ቃል ቀድሞ በስልካቸው ላይ የገባው ብቻ ነበር።

የሁለት ቦታ ሕግ

የመረጃ ጥበቃ ሰዎች የሚከተሉት የቆየ ሕግ ቀላል ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ማለት ዋናው በስልኩ፣ ግልባጩ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ደግሞ በክላውድ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ፍላሽም ዘለዓለማዊ አይደለም፤ መረጃውን የያዘው የኤሌክትሪክ ሙል በዓመታት ውስጥ ሊደክም ይችላል። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ፋይሉን ከፍቶ ማየትና አዲሱን ዓመት መጨመር ልማድ ሊሆን ይችላል።

የሚኒሶታ ክረምትም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሶ ነበር። አፕል አይፎን እንዲሠራበት የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ብርድ ባትሪውን አድክሞ ስልኩን ያጠፋዋል እንጂ ጽሑፉን አይሰርዝም፤ ሆኖም ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ የሚፈጠረው ጤዛ ለመሣሪያው ጠንቅ ነው። የቀዘቀዘ ስልክ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ድረስ ቻርጅ ላይ ባይደረግ ይመረጣል።

የቀረው፣ ሰው ሁሉ ማሰብ የማይወደው ነገር ነው። ባለቤቱ በሞት ሲለይ የተቆለፈ ስልኩ ለቤተሰቡ ዝግ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ አፕል ደግሞ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ፣ አንድ ሰው በሕይወት እያለ ውርሱን የሚረከብ የታመነ ሰው እንዲሰይም የሚያስችል አገልግሎት ሰጥተዋል። ስያሜው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ሳይሰየም ከቀረ ግን ልጆች የእናታቸውን ጽሑፍ ለማግኘት በፍርድ ቤት ወረቀት ሊንከራተቱ ይችላሉ። እናት በአዲስ አበባ ሆና በአንድሮይድ ስልኳ የምትጽፍ ከሆነ፣ በመጪው የበዓል ጉዞ ወደ አገር ቤት የሚሄደው ልጅ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ የእሷንም ስልክ መገልበጥና የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ አስተማማኝ ቦታ ማስቀመጥ ሊሆን ይገባል።